የድምፅ ደንብ ከመጻፉ በፊት ጎንደርን የሚያዳምጥ ሰው ይላክ

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በከተሞቻችን ስላለው ጩኸት በዚህ ገጽ የሚወጡትን የአንባቢያን አስተያየቶች ስከታተል ቆይቻለሁ። ጸሐፊዎቹ በአብዛኛው የሚስማሙበት ነገር ግልጽ ነው፤ ጩኸቱ በዝቷል፣ ስለዚህ መለኪያ ይገዛ፣ ደንብ ይውጣ፣ ከገደቡ ያለፈ ይቀጣ። የምኖረው ጎንደር ውስጥ፣ ከፒያሳ ብዙም በማይርቅ ሰፈር በመሆኑ ምሬቱን እጋራዋለሁ፤ የምለየው በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ደንቡ ከመጻፉ በፊት ድምፁን የሚያሰሙትንም የሚሰሙትንም ሰዎች ተቀምጦ የሚያዳምጥ፣ በሙያው የሠለጠነ ሰው መላክ አለበት እላለሁ። አለዚያ የሚወጣው ደንብ ጉልበት የሌለውን የመንገድ ጠሪ ዝም አሰኝቶ፣ ጉልበት ያለውን ጄኔሬተርና ሞንታርቦ ባለበት ይተወዋል የሚል ስጋት አለኝ።

ሕግ የለንም ማለት አይቻልም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ለአየርና ለውኃ እንደሚደረገው ሁሉ ለድምፅም የመጨረሻ ገደብ የሚያስቀምጥ ደረጃ እንዲወጣ ያዛል። በአገር አቀፍ መመዘኛው መሠረት በመኖሪያ ሰፈር ቀን ከ55 ሌሊት ከ45፣ በንግድ አካባቢ ደግሞ ቀን ከ65 ሌሊት ከ55 ዴሲቤል (የድምፅ ጥንካሬ መለኪያ አሃድ) ማለፍ አይፈቀድም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጣው መመሪያ ለመኝታ ክፍል የሚመክረው 30 ዴሲቤል ነው። ቁጥሮቹን አላናንቅም። ለዓመታት እንቅልፉ የተቆራረጠበት ሰው ልቡና የደም ሥሩ እንደሚጎዳ ሐኪሞች ይናገራሉ፤ ብረታ ብረት ቤት ግራይንደር ይዞ የሚውል ወጣትም የመስማት ችሎታው ሳያውቀው ያልቃል። ሆኖም ዴሲቤሉ ስንት እንደሆነ የሚናገረው መሣሪያ ድምፁ የማን እንደሆነ፣ ለማን እንደተላከ፣ የሰማው ሰው ምን እንዳደረገ አይናገርም። አንዳንዴማ የተማረረውን ሰው ውሸታም ያስመስለዋል፤ በተለመደው አሠራር መለኪያው የሰውን ጆሮ እንዲመስል ተብሎ ወፍራሙን ድምፅ ቀንሶ ስለሚቆጥር፣ ግድግዳ ሰብሮ ደረት የሚመታው የሞንታርቦ ቤዝ በመለኪያው ላይ ከሚያደርሰው ሥቃይ አንሶ ይታያል።

በሰፈራችን ሰው ሲሞት የሚሆነውን ላንሣ። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ገና ሳይነጋ ይወጣና መንገዶቹ ከሚገናኙበት ላይ ቆሞ ረዘም አድርጎ ይነፋል፤ ትንሽ ዝም ይላል፤ ከዚያ የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ሰዓትና ደብሩን በተጎተተ ድምፅ ይናገራል። ትልቁ ነገር የሚሆነው በዝምታው መካከል ነው። መዝጊያ ሲከፈት ይሰማል፤ አንዲት እናት «ማነው? ማነው?» ትላለች፤ ጎረቤቷ በአጥር በኩል ትመልስላታለች፤ ብዙም ሳይቆይ ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ሴት ወደ ሐዘንተኛው ቤት ስትጣደፍ ትታያለች፣ ድንኳን የሚተክሉት ወንዶችም ወደ እድሩ ዕቃ ቤት ያቀናሉ። ጥሩምባው 45 ዴሲቤልን በብዙ ያልፋል፤ ሰዓቱም ሌሊት ነው። በጥሩምባ ነፊው ላይ ለቀበሌ አቤት ያለ ሰው ግን ሰምቼ አላውቅም፤ ወቀሳ ቢነሣ የሚነሣው «ሳንሰማ ቀረን» በሚሉት በኩል ነው። በአንጻሩ ከሰፈሩ ማዶ ካለ መጠጥ ቤት የሚመጣው፣ ሲለካ ከጥሩምባው እጅግ የሚያንሰው ምት፣ ባልና ሚስትን እስኪያጣላ ድረስ ያስመርራል።

የሰውን ልጅ ባህልና አኗኗር የሚያጠኑት አንትሮፖሎጂስቶች እንዲህ ያለውን ልዩነት መመርመር ከጀመሩ ቆይተዋል። እንግሊዛዊቷ ሜሪ ዳግላስ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመችው ሥራ ቆሻሻ ማለት ከቦታው ውጪ የተገኘ ነገር ነው የሚለውን ሐሳብ አብራርታ ነበር። ድምፅን የሚያጠኑ ሊቃውንት ይህንኑ ሐሳብ ወደ ጆሮ አመጡት፤ አንድ ማኅበረሰብ የትኛውን ድምፅ ጩኸት ብሎ እንደሚያወግዝ ያወቀ ሰው፣ ያ ማኅበረሰብ ማን የት፣ በየትኛው ሰዓት መገኘት አለበት ብሎ እንደሚያምን ያውቃል። ስለዚህ ጥናታቸው «ስንት ነው?» ብሎ አይጀምርም።

አሠራሩን ለማስረዳት ስቲቨን ፌልድ የተባለውን አሜሪካዊ ብጠቅስ ይበቃል። ፌልድ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በፓፑዋ ኒው ጊኒ፣ በቦሳቪ ደን ከሚኖሩት ካሉሊዎች ጋር ኖረ። ደኑ ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ ዓይን ሩቅ አያይም፤ ሰዎቹ ውኃው በየት እንደሚወርድ፣ ቀኑ ምን ያህል እንደገፋ፣ ሰው ከምን ያህል ርቀት እንደሚመጣ የሚያውቁት በጆሯቸው ነው፤ የአንዳንድ ወፎች ድምፅም ለእነሱ የሙታን ድምፅ ነው። ፌልድ ይህን የተረዳው ቋንቋቸውን ተምሮ፣ ለቅሷቸው ላይ ተቀምጦ፣ አብሯቸው ተጉዞ ነው። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የቀዳውን ድምፅ መልሶ ለራሳቸው ማሰማቱ ነው፤ የቱ ከፍ፣ የቱ ዝቅ ይበል ብሎ መቅረጫውን እነሱ እንዲያዙበት አደረገ። ከእሱ ቀደም ብሎ ካናዳዊው የሙዚቃ ደራሲ መሬይ ሼፈርና ባልደረቦቹ በሳይመን ፍሬዘር ዩኒቨርሲቲ የቫንኩቨርን ድምፆች ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1973 በሸክላ አውጥተው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1975 ደግሞ አምስት የአውሮፓ መንደሮችን ዞረው አዳምጠዋል። በእግር እየዞሩ መስማትን፣ ሽማግሌዎችን ስለጠፉ ድምፆች መጠየቅን እንደ ሙያ ያስለመዱት እነሱ ናቸው። ሼፈር ግን የገጠርን ጸጥታ አብዝቶ የሚወድ ሰው ስለነበር የከተማን ድምፅ ያየው እንደ በሽታ ነው፤ ኋላ የመጡት ተመራማሪዎች በዚህ ተችተውታል፣ እኔም ከተቺዎቹ ጋር ነኝ። ቅዳሜ ገበያ ጸጥ ያለ ቀን ከተማው ሰላም ነው የሚል ጎንደሬ አላውቅም።

ጎንደር ለዚህ ዓይነት ጆሮ እንግዳ አይደለችም። በፈረንሳዊው አንትሮፖሎጂስት በማርሴል ግሪዮል የተመራው የዳካር ጅቡቲ የጥናት ጉዞ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ደርሶ ለወራት ሲቀመጥ፣ ከአባላቱ አንዱ የነበረው ሚሼል ሌሪስ በአባ ጀሮም አስተርጓሚነት ዛር ቤት እየገባ ከበሮውን፣ ዘፈኑንና በዛር የተያዙት ሰዎች የሚያሰሙትን በማስታወሻው ይመዘግብ ነበር። የዚያው ጉዞ ሰዎች የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች አንሥተው ወደ ፓሪስ መውሰዳቸው ዛሬም ያንገበግባል፤ አዳማጩ የማን ልጅ ይሁን፣ የሰበሰበውስ የት ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ ለኛ ቀላል ያልሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ከአርባ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1973፣ አሜሪካዊቷ የሙዚቃ ተመራማሪ ኬይ ካፍማን ሸለማይ በጎንደር አቅራቢያ በምትገኘው በአምቦበር የቤተ እስራኤልን የጸሎት ዜማ ቀድታለች፤ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመችው ጥናትም ዜማውና ሥርዓቱ ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ገዳማውያን ሥርዓት ጋር ያለውን የቅርብ ዝምድና አሳይታ ስለ ማኅበረሰቡ ታሪክ ብዙዎች የያዙትን ግምት አናግታለች። እነዚህ ሰዎች ያዳመጡት ግን የአምልኮን ድምፅ ነው። ባጃጁን፣ ወፍጮ ቤቱን፣ የታክሲ ተራውን ያዳመጠ ጥናት በእጃችን ሊኖር ይገባል።

እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ ቢላክ መጀመሪያ የሚደርስበት ነገር የከተማዋ ድምፅ በቀን መቁጠሪያው እንደሚሄድ ይሆናል። ጥር በጥምቀትና በሠርግ ቀንና ሌሊቱ ተገናኝቶ ያልፋል፤ ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ ከበሮው፣ እልልታውና የወጣቶቹ ጭፈራ ከተማዋን ሞልቶ ይፈሳል። ዐቢይ ጾም ሲገባ የሠርግ ድንኳን ይጠፋል፣ ሙዚቃ ቤቶችም ዘፈኑን አውርደው መዝሙር ይከፍታሉ። በረመዳን የአዲስ ዓለም ሌሊት ከሌላው ጊዜ የነቃ ይሆናል። ክረምቱ ሲገባ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እኛ መምህራን ቾኩን አስቀምጠን እስኪያባራ እንጠብቃለን፤ ይህን «ብክለት» የሚለው ግን የለም። መለኪያ ይዞ በሑዳዴ የመጣ ባለሙያና በጥር የመጣ ባለሙያ ስለ ሁለት የተለያዩ ከተሞች ሪፖርት ያቀርባሉ ማለት ነው። አንትሮፖሎጂስት ቢያንስ አንድ ዓመት ሙሉ ልቀመጥ የሚለው ወጪ ለማብዛት አይደለም።

የመሬቱም አቀማመጥ አለ። ጎንደር በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ባለው ከፍታ ላይ የተሠራች፣ ሰፈሮቿ በሸለቆ የሚተያዩ ከተማ ናት። ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት ቀዝቃዛው አየር ከሥር ይተኛል፣ ሞቅ ያለው ከላይ ይቀራል፤ በዚህ ጊዜ ድምፅ ወደ ላይ ተበትኖ በመጥፋት ፈንታ ወደ መሬት ይታጠፋል። ስለዚህ ቀን ላይ ከአጥር ብዙ የማይርቅ ድምፅ ማጉያ፣ ማንም ሳይነካው፣ ጎሕ ሲቀድ ከወንዙ ማዶ ያለውን ሰው ይቀሰቅሳል። በዚህ ጉዳይ ላይ የሚነሡት ጭቅጭቆች አብዛኞቹ «አልጨመርንም» እና «ጨምራችኋል» በሚሉ፣ ሁለቱም እውነት በሚናገሩ ወገኖች መካከል የሚደረጉ ናቸው። ይህን አየሩን የሚያውቅ የፊዚክስ መምህርና ሰውን የሚያዳምጥ ተመራማሪ አንድ ላይ ሆነው ካላስረዱ በቀር ማንም ዳኛ አይፈታውም።

በሁለተኛ ደረጃ አዳማጩ የሚያገኘው፣ የሚያማርረው ድምፅ ሁልጊዜ ከፍተኛው አለመሆኑን ነው። በፒያሳ በረንዳ ላይ የሚሰፋ አንድ ልብስ ሰፊ አለ፤ መብራት ሲጠፋ የጎረቤቱ ሱቅ ጄኔሬተር ይነሣል። ጩኸቱ ከባድ እንደሆነ ስነግረው «መምህር፣ ጩኸቱማ ምን አለ፣ ለምጄዋለሁ፤ እሱ ሲነሣ የኔ ካውያ መቀዝቀዙ ነው የሚያቃጥለኝ» አለኝ። ይህን መልስ የትኛውም መለኪያ አያወጣውም። ከዚያ ዝቅ ብሎ ታክሲ ተራው ላይ ረዳቱ «አዘዞ! አዘዞ! አዘዞ!» እያለ ጉሮሮው እስኪዘጋ ይጣራል። ከገጠር ለሕክምና የመጡ፣ ፊደል ያልቆጠሩ እናት መኪናቸውን የሚያገኙት በእሱ ድምፅ ነው፤ ዓይነ ስውሩም እንዲሁ። የመስመሩ ታፔላ ጉሮሮው ነውና ዝም በል ሲባል ዝም የሚለው እሱ ብቻ አይሆንም። የአብነት ተማሪው በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ውሻ ሁሉ ይጮህበታል፤ ላሊበሎቹም ሳይነጋ በር ላይ ያዜማሉ፤ ልዋጩም አለ፣ ሊስትሮውም ሣጥኑን በብሩሽ ይመታል። ደንብ አስከባሪ ቁጥሩን እንዲያሟላ ሲታዘዝ መጀመሪያ እጁ የሚገባው የትኛው እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም።

ይህን ያልኩት ከመጠርጠር ብቻ አይደለም፤ በሌላ አገር ሆኖ የታየ ነው። በለንደን እ.ኤ.አ. በ1864 የመንገድ ሙዚቃን የሚገድብ ሕግ ሲወጣ ዋነኞቹ ዒላማዎች ሣጥን ሙዚቃ እየዘወሩ ሳንቲም የሚለቅሙ ድሆች፣ አብዛኞቹም ከጣሊያን የመጡ ስደተኞች ነበሩ፤ ገፋፊዎቹ ደግሞ ቤታቸው ተቀምጠው የሚሠሩ የተማሩ ሰዎች፣ ከእነሱም መካከል የሒሳብ ሊቁ ቻርልስ ባቤጅ ይገኙበታል። የባቡሩና የፋብሪካው ጩኸት በሕጉ አልተነካም። ኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. በ1929 የድምፅ ኮሚሽን አቋቁማ መለኪያ የተጫነበት መኪና በከተማዋ አዞረች፤ በጋዜጦች ላይም መጠይቅ አሳትማ ከ11 ሺህ በላይ መልስ ሰበሰበች። ነዋሪው በብዛት ያማረረው በተሽከርካሪና በድምፅ ማጉያ ነበር። ሆኖም ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1936፣ ከንቲባ ላጋርዲያ ፈቃዳቸውን የነጠቋቸው ሣጥን ዘዋሪዎቹን ነው። ሕዝቡ ያማረረባቸው ተሽከርካሪዎች ግን መንገዱ ላይ ቀሩ።

የእምነት ቤቶችን ድምፅ ማጉያ በተመለከተ መጻፍ የሚፈራ ነገር ነው፤ እኔም ቃሌን መጥኜ ነው የምናገረው። የሚጠቅመን ከእኛ የባሰ ያዩ ከተሞች የተጠኑበት መንገድ ነው። አንትሮፖሎጂስቱ ብራያን ላርኪን እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ጽሑፍ የናይጄሪያዋን የጆስ ከተማ ይዞ፣ የመስጊድና የቤተ ክርስቲያን ማጉያዎች በሚፎካከሩበት፣ ግጭትም ደጋግሞ ባደማው ቦታ፣ ነዋሪዎች ሰላም ውለው ለማደር ሲሉ የሌላውን ድምፅ ልብ ሳይሉ ማለፍን እንዴት እንደሚለማመዱ አሳይቷል። አለመስማትም ልምምድ የሚጠይቅ፣ ጎረቤት ለጎረቤት የሚያደርገው ውለታ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። በሲንጋፖር ደግሞ መንግሥት ማጉያዎቹ ወደ መስጊዱ ውስጥ እንዲዞሩ ሲያደርግ የአዛኑ ጥሪ በሬዲዮ መተላለፍ ጀመረ፤ የሙዚቃ ተመራማሪው ቶንግ ሱን ሊ እ.ኤ.አ. በ1999 እንዳስረዳው ቀድሞ በሰፈር የተሰባሰበው ምእመን በየአፓርታማው ተበትኖ ሳለ በሬዲዮው እንደገና ተገናኘ። ሌላው አንትሮፖሎጂስት ቻርልስ ሂርሽካይንድ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመው ጥናት በካይሮ ታክሲዎችና ሱቆች ውስጥ የሚከፈተውን የስብከት ካሴት ሰዎቹ ራሳቸውን ለማረም እንደሚጠቀሙበት አሳየ፤ ለአላፊው ጩኸት፣ ለሰሚው የልብ ሥራ ነው። ከእነዚህ አንዱም ለጎንደር ተገልብጦ የሚሠራ መፍትሔ አይሰጥም። ሁሉም የሚያሳዩት ግን መነጋገር የተቻለው «ማን ይጮሃል?» የሚለው ጥያቄ «ማን፣ እንዴት ይሰማል?» ወደሚለው ከዞረ በኋላ መሆኑን ነው። በኛም ከተማ የሃይማኖት አባቶች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲቀመጡ በፊታቸው የዴሲቤል ሠንጠረዥ ብቻ ከተዘረጋ፣ ውይይቱ የማን ቁጥር ይበልጣል ወደሚል ውድድር እንደሚሄድ ይታየኛል።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በከተማው ውስጥ ነው፤ ሰውንና ማኅበረሰብን የሚያጠኑ መምህራንና ተማሪዎች አሉት፤ ሐኪሞቹም እዚያው ናቸው። ከተማ አስተዳደሩ ደንብ ለማርቀቅ ሲነሣ ለእነዚህ ሰዎች አንድ ዓመት ይስጣቸው። ከመስከረም እስከ ጳጉሜን በተመረጡ ቦታዎች፣ ለምሳሌ በፒያሳ፣ በቅዳሜ ገበያ፣ በአዲስ ዓለም፣ በማራኪና በአዘዞ፣ በተለያየ ሰዓት ድምፅ ይቅዱ፤ ጎን ለጎንም ይለኩ፣ መለኪያው ይቅር አላልኩምና። ከዚያ የቀዱትን ለሰፈሩ ሰዎች መልሰው ያሰሙ፤ ባለሱቁን ከሕሙማኑ ጋር፣ ረዳቱን ከተማሪው ጋር አስቀምጠው የቱ ይቅር፣ የቱ ይቀንስ፣ የቱ ሳይነካ ይኑር ብለው ይጠይቁ። የሌሊት ተረኛ ነርሶች ቀን እንደሚተኙ የሚታወሰው እንዲህ ሲጠየቅ ነው፤ ለእነሱ ከሰዓት በኋላ የሚመጣው ግራይንደር የሌሊት ድምፅ ነው። የተቀዳው ሁሉ ደግሞ ጎንደር ውስጥ ይቀመጥ፤ ሥዕሎቻችንን ለማየት ፓሪስ መሄድ ያስፈልጋል፣ የጥሩምባ ነፊያችንን ድምፅ ለመስማት ግን አያስፈልግ።

ለጋዜጣችሁም አንድ ጥያቄ አለኝ። ኒው ዮርክ በጋዜጦች ያሳተመችውን ዓይነት መጠይቅ ማውጣት ለናንተም የሚያቅት ሥራ አይደለም። ግማሽ ገጽ ብቻ ስጡት፤ አንባቢው የሚኖርበትን ሰፈርና የሥራ ሰዓቱን ይጻፍ፤ የሚነሣበትን ድምፅ፣ የሚያስመርረውንና ከየት እንደሚመጣ፣ ቢጠፋበት የሚያዝንበትን ድምፅ፣ እሱ ራሱ ለጎረቤቱ የሚያሰማውንም ይግለጽ። የመጨረሻው ጥያቄ አንዳንዱን ሊያስቆጣ ይችላል፣ ቢሆንም አትተዉት። መልሱ ለዩኒቨርሲቲው ተላልፎ እንዲጠና ማድረግ ይቻላል፤ ጥያቄዎቹን በማርቀቅ በኩል እኔም ሆንኩ በትምህርት ቤታችን ያሉ ባልደረቦቼ ለመርዳት ዝግጁ ነን። ቅጹ ግን በጥር ወር እትም ላይ እንዳይወጣ አደራ፤ ያን ሰሞን ጎንደር ውስጥ ለመጻፍ የሚቀመጥ ሰው አይገኝም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ መምህር፣ ከጎንደር